«ገብቶሃል?» ሲሉት «አዎ» ያለው ልጅ

ወጣት ጥፋተኞች በሚታረሙበት አንድ ተቋም በበጎ ፈቃድ ንባብ አስጠና በነበርኩበት ጊዜ፣ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ካላነበብኩ የሚል የ15 ዓመት ልጅ ነበረ። ሌሎቹ አንዱን አንቀጽ በየተራ ሲያነቡ እሱ አቀርቅሮ ይሰማል። ተራው ሲደርስ መጽሐፉን ያነሳና የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ ይላል፤ መሃሉን ያጉተመትመዋል፤ የመጨረሻውን እንደገና ጮክ ይልበታል። ልብ ላላለው ሰው የሚያነብ ይመስላል። የተገለጠው ግን ሌላ ገጽ ነው።

ማንበብ አለመቻሉ ብዙም አላስገረመኝም፤ እዚያ ቤት ብዙ እንደሱ ያሉ ነበሩ። እስካሁን የሚከነክነኝ በአመክሮ ሊፈታ ሰሞን የተደረገው ስብሰባ ነው። እናቱ መጥታለች። ጉዳዩን የምትከታተለው ሠራተኛ አለች። ስለሌላ ልጅ ጉዳይ የመጣች የንግግርና የቋንቋ ባለሙያም ጥግ ላይ ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቃለች። ሠራተኛዋ ከመዝገቡ አንድ ወረቀት አውጥታ ማንበብ ጀመረች። ክፉ ሰው አልነበረችም። እንዲያውም ረጋ ብላ፣ በየመሃሉ ቀና እያለች ነበር የምታነበው።

«አንደኛ፣ ክትትል የሚያደርገው ሠራተኛ አስቀድሞ በጽሑፍ ካልፈቀደ በስተቀር ከተመዘገበው የመኖሪያ አድራሻ ውጭ እንዳያድር። ሁለተኛ፣ በድርጊቱ ተካፋይ ከነበሩ ግለሰቦች ጋር በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ግንኙነት እንዳያደርግ…» እያለች እስከ ሰባተኛው ዘለቀች። አንዱን በጨረሰች ቁጥር «ገብቶሃል?» ትለዋለች። «አዎ» ይላል። አንዴም አልተሳሳተም፤ ትንፋሽ በወሰደች ቁጥር «አዎ»። መጨረሻ ላይ እስክሪብቶ አቀበለችውና ፈረመ።

ያኔ ጥግ ላይ የነበረችው ባለሙያ ይቅርታ ጠይቃ ጣልቃ ገባች። «እህትህ በር ላይ ጠብቃህ "ምን አሉህ?" ብትልህ ምን ትላታለህ?» አለችው። ልጁ ጣሪያውን አየ፣ እናቱን አየ። «ጥሩ ልጅ ሁን አሉኝ እላታለሁ።» ሌላስ? «እንዳልረብሽ።» ሌላስ? ትከሻውን ነቀነቀ። ከሰባቱ ግዴታዎች የተረፈው ይኸው ነበር። ባለሙያዋ ቀጥላ «እንዳታገኘው የተባልከው ሰው ማን ነው?» ብትለው ዝም አለ። የመለሰችው እናቱ ናት፤ «የአጎቱን ልጅ ነው እንዴ የምትሉት? እሱማ ከኛው ጋር ነው፣ አንድ ክፍል ነው የሚያድሩት» አለች።

ክፍሉ ጸጥ አለ። የተፈረመበት ወረቀት አንደኛው ቁጥር ቤትህ እደር ይላል፤ ሁለተኛው ቤትህ የሚያድረውን ሰው እንዳታገኝ ይላል። ልጁ በወጣባት በመጀመሪያዋ ሌሊት ግዴታውን ጥሶ ያድር ነበር። ከዚያም «ተነግሮት፣ ገብቶኛል ብሎ፣ ፈርሞ ሳለ በንቀት ጣሰ» ተብሎ ይጻፍበት ነበር።

ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ «አዎ» ብሎ ይሆን?

እቤቴ ከገባሁ በኋላ እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ጥያቄ ነው። ያቺ ባለሙያ በአጋጣሚ እዚያ ባትቀመጥ ኖሮ የሚሆነው ታውቆኛል። ግን ከዚያ በፊትስ? ፖሊስ ጣቢያ መብቱ ሲነበብለት፣ ጠበቃው «እንዲህ ብንል ይሻላል» ሲለው፣ ዳኛው ክሱን አንብበው «ተረድተኸዋል?» ሲሉት? በእነዚያ ክፍሎች ሁሉ የተሰጠው መልስ አንድ ዓይነት እንደነበር መገመት አያቅትም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ቶማስ ግሪሶ ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጥናት መርምሮታል። አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ ከመጠየቁ በፊት የሚያነባቸው ማስጠንቀቂያዎች አራት ናቸው፤ ዝም የማለት መብት አለህ፣ የምትናገረው ማስረጃ ሊሆንብህ ይችላል፣ ጠበቃ የማግኘት መብት አለህ፣ አቅም ከሌለህ መንግሥት ያቆምልሃል። ግሪሶ «ገብቷችኋል?» ብሎ አልጠየቀም፤ በራሳችሁ አባባል ንገሩኝ ነው ያላቸው። ከወጣቶቹ 55 በመቶው ቢያንስ አንዱን ጨርሶ አልተረዱትም፤ ከአዋቂዎቹ 23 በመቶው። ዝም የማለት መብትን ብዙ ልጆች የሚይዙት «እስክትጠየቅ ድረስ ዝም በል» በሚል ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያውቁት ዝምታ ያ ነዋ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ለእነዚህ ልጆች ግን ዝምታ የሚችሉት ነገር አይደለም። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠ ትልቅ ሰው ጥያቄውን ደገመ ማለት የመጀመሪያው መልስ ስህተት ነበር ማለት ነው፤ ስለዚህ ይቀይሩታል። ደግሞ ሲጠየቁ ደግሞ ይቀይሩታል። መርማሪው የሚያየው ውሸታም ነው። ልጁ ግን የሚፈለገውን መልስ እየፈለገ ነው፤ የሚፈልገው ከዚያ ወንበር መነሳት ብቻ ነው።

የዚህ መጨረሻ የት ድረስ እንደሚሄድ ማየት የሚፈልግ የኒውዚላንዱን የቴይና ፖራን ጉዳይ ያንብብ። እ.ኤ.አ. በ1993 የ17 ዓመት ልጅ ሳለ በሌላ ጥቃቅን ጉዳይ ተይዞ፣ ከአንድ ዓመት በፊት ስለተፈጸመ ግድያ አራት ቀን ተጠየቀና አመነ። ሲያምን ግን ወንጀሉ የተፈጸመበትን ቤት ማሳየት አልቻለም፤ ፖሊሶች ናቸው ያሳዩት። ቀጭኗን ሟች ወፍራም ናት አለ። ታሪኩ በየቀኑ ይለዋወጥ ነበር። ቢሆንም ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ተፈረደበት፤ ከ20 ዓመት በላይ ታሰረ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው እናቱ በእርግዝና ጊዜ ከጠጣችው አልኮል የመጣ የአእምሮ ጉዳት እንዳለበት በባለሙያዎች የተረጋገጠው። ጉዳዩ ለንደን ወዳለው የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ፣ ፕሪቪ ካውንስል ወደሚባለው ፍርድ ቤት ደርሶ በመጋቢት 2015 ፍርዱ ተሻረ። ምክንያቱም እርስ በርሱ የሚጋጨው ቃሉ ከዚያ ጉዳት ጋር ተደምሮ ሲታይ ሊታመን አይችልም የሚል ነበር።

ፖራ ነጻ የወጣው ጠበቆች፣ ጋዜጠኞችና አንድ ተስፋ የማይቆርጥ የቀድሞ መርማሪ ስለተረባረቡለት ነው። እኔ የማስበው ግን ማንም የማይረባረብባቸውን ጉዳዮች ነው፤ የተሰረቀ ስልክ፣ የተሰበረ መስኮት፣ የሦስት ወር ቅጣት። ለሦስት ወር ቅጣት ማን ይግባኝ ይላል?

ቁጥሩ ጥቂት ልጆችን የሚመለከት አይደለም

እኔ አንድ ልጅ አይቼ ብቻ ብናገር ኖሮ «ያጋጥማል» ይባል ነበር። ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ባንክሲያ ሂል በሚባል የወጣቶች ማቆያ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ግን እንደዚያ እንዳንል ያደርጋል። ሐኪም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ የንግግርና የቋንቋ ባለሙያ፣ የአካል እንቅስቃሴንና የዕለት ተዕለት ክህሎትን የሚመረምር ባለሙያ አንድ ላይ ሆነው ከ10 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 99 ልጆችን አንድ በአንድ መረመሩ። ከእነሱ 89 በመቶው በማስታወስ፣ በትኩረት፣ በቋንቋ፣ በማቀድ ወይም ይህን በመሰለ ቢያንስ በአንድ ዘርፍ ከባድ ጉዳት ነበረባቸው። 36 በመቶው ፖራ ላይ የተገኘው ዓይነት በእርግዝና ጊዜ አልኮል ያስከተለው ጉዳት ያለባቸው ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ አስቀድሞ ችግራቸው በስሙ የታወቀላቸው ሁለት ብቻ ነበሩ።

ሁለት። እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ ክሊኒክ ሄደዋል፣ ፖሊስ አውቋቸዋል፣ ዳኛ ፊት ቆመዋል። ያ ሁሉ ሰው አልፎባቸዋል።

የእንግሊዝ የሕፃናት ኮሚሽነር ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ሪፖርት የተለያዩ አገሮችን ጥናቶች ሰብስቧል። በዚያ ሪፖርት መሠረት የመግባባት ችግር ከታሰሩ ወጣቶች ከ60 እስከ 90 በመቶ በሚሆኑት ላይ ይታያል፤ በውጭ ባሉት እኩዮቻቸው ዘንድ ከ5 እስከ 7 በመቶ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ከ23 እስከ 32 በመቶ፤ በውጭ ከ2 እስከ 4። ዲስሌክሲያ የሚባለው የማንበብ ችግር ከ43 እስከ 57 በመቶ፤ በውጭ ወደ 10። ራስ ቅላቸውን ተመትተው የአንጎል ጉዳት የደረሰባቸው ደግሞ ከ65 እስከ 72 በመቶ ናቸው። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ልጅነቱን ሲደበደብ ያሳለፈ ልጅ ጭንቅላቱ ላይ የደረሰውን እንደ ሕመም ቆጥሮ አይናገረውም፤ ማን ይጠይቀዋል?

ከ60 እስከ 90 የሚለው ስፋት ያሳስባል፤ ማሳሰብም አለበት። መለኪያው ተለያይቷል፤ መስመሩም በየጥናቱ የተለያየ ቦታ ነው የተሰመረው። አንድ ልጅ በቤቱ በማይነገር ቋንቋ ተፈትኖ ወድቆም ሊሆን ይችላል፤ ይህ የቋንቋ ችግር ሳይሆን የፈተናው ችግር ነው። እኔ ግን ዝቅተኛውን ቁጥር ወስጄ ባስበውም ያው ነው። ከአምስት ሦስቱ የሚነገራቸውን በደንብ የማይከታተሉበት ቤት ውስጥ ሁሉም ነገር የሚካሄደው በንግግር ነው።

«ምንም አልተጸጸተም»

የእነዚህ ልጆች ችግር ዓይን ላይ አይታይም። ስለ ኳስ ሲያወሩ፣ ሲቀልዱ፣ ሲሳደቡ ምላሳቸው የተፈታ ነው። የንባብ ተማሪዬ የተበላሸ ሬዲዮ ፈትቶ ሲገጥም ብታዩት ምን ጎደለው ትላላችሁ። የሚጎድለው ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲመጣ፣ «ካልሆነ በስተቀር» ሲመጣ፣ አንዱን ይዞ ሌላውን መስማት ሲያስፈልግ ነው። ሰባት ግዴታ በተከታታይ ሲነበብ ሦስተኛው ላይ የመጀመሪያው ጠፍቷል።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ፍርድ ቤት ውስጥ የሚሆነው ነው። አውስትራሊያዊቷ ተመራማሪ ፓሜላ ስኖው ይህን ነገር ለዓመታት ስታነሳው ቆይታለች። ከባልደረባዋ ከማርቲን ፓወል ጋር የታሰሩ ወንድ ወጣቶችን ስትመረምር ግማሽ ያህሉ ቋንቋቸው የተጎዳ ሆኖ አግኝታዋለች። እንዲህ ያለ ልጅ ሲጠየቅ «አላውቅም»፣ «እንጃ»፣ «ምንም» ይላል። መሬት መሬት ያያል፤ ትከሻውን ይነቀንቃል። ዳኛው የሚያዩት ልበ ደንዳና ነው። የተበዳይ ቤተሰብም የሚያየው ያንኑ ነው።

እስቲ መጸጸትን ለማሳየት ምን እንደሚጠየቅ አስቡት። የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተል መተረክ፤ የተበደለው ሰው የተሰማውን መገመት፤ የራስን ስሜት በስሙ ጠርቶ መናገር። ሦስቱም ለእነዚህ ልጆች ዳገት ናቸው። በዳይና ተበዳይን ፊት ለፊት አቀራርቦ የሚያነጋግረው የዕርቅ ዘዴ ከእስር የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ በንግግር የቆመ ነው። ቃል የሌለው ልጅ እዚያ ተቀምጦ ትከሻውን ሲነቀንቅ ተበዳይዋ ከገባችበት ይልቅ ተናዳ ልትወጣ ትችላለች። የባህርይ ማረሚያ ተብለው በቡድን የሚሰጡት ትምህርቶችም እንደዚያው ናቸው፤ ተናገር፣ አስረዳ፣ ጓደኛህ ላለው መልስ ስጥ። ልጁ ክፍሉን ረብሾ ይወጣል። መዝገቡ ላይ «ለመታረም ፈቃደኛ አይደለም» ተብሎ ይጻፍለታል።

ረባሽ መባል ይሻላል

ይህንን የሚማሩት እስር ቤት አይደለም። ትምህርት ቤት ነው። ከ100 ልጆች ሰባት ያህሉ ሌላ ምክንያት ሳይገኝለት ቋንቋ የሚከብዳቸው ናቸው፤ በእያንዳንዱ ክፍል አንድ ሁለት አይጠፋም። መምህሩ ያዘዘው ያልገባው ልጅ ሁለት አማራጭ አለው። ወይ አልገባኝም ብሎ መሳቂያ ይሆናል፤ ወይ ቀልድ ፈጥሮ ክፍሉን ያስቃል። ደደብ ከመባል ረባሽ መባል ይሻላል። ረባሽ ደግሞ ይባረራል። ከዚያ ወዲያ ቀኑን የሚያውልበት ሰው አያጣም፤ እዚያ ያለው ሰው አንብብ አይለውም።

ይህን ስል ዲስሌክሲያ ያለበት ሁሉ መስኮት ይሰብራል ማለቴ አይደለም። አብዛኞቹ የመማር ችግር ያለባቸው ልጆች ማንንም ሳይጎዱ ያድጋሉ፤ ይህን የሚያነብ ወላጅ እንዳይደነግጥ። መንገዱ የሚጠመዘዘው ችግሩ ሳይታወቅ ቀርቶ፣ ድህነቱ፣ ድብደባውና ከትምህርት ቤት መባረሩ ሲደራረቡበት ነው።

«ምክንያት መደርደር ነው»

አንድ ጠበቃ ወዳጄ ይህን ሁሉ ሲሰማ «ነገ ሁሉም አልገባኝም ነበር ሊል ነው» አለኝ። ስጋቱ ይገባኛል። ግን ያየሁት የተገላቢጦሽ ነው። እነዚህ ልጆች አልገባኝም አይሉም። ዕድሜያቸውን በሙሉ የደከሙት አልገባኝም ላለማለት ነው። የንባብ ተማሪዬ ሌላ ገጽ ገልጦ የሚያጉተመትመው ለምን ሆነና?

ደግሞስ ልጁ ያልተረዳው ቅጣት ምን ይሠራል? አንድ ልጅ በየሁለት ሳምንቱ እየመጣ እንዲፈርም ተነግሮት፣ ጊዜ መቁጠር ስለሚያቅተው ሲቀር ተይዞ ቢገባ፣ ስልኳ የተሰረቀባት ሴት ምን አተረፈች?

እዚያ ስብሰባ ላይ የሆነውን ልጨርሰው። ወረቀቱ ቀረና ሌላ ወረቀት ላይ መሳል ተጀመረ፤ ቤት፣ ጨረቃ፣ የአጎቱ ልጅ ፊት። እያንዳንዱን ግዴታ በአጭር ቃል ለመናገር ሲሞከር አምስተኛው ላይ ሠራተኛዋ ራሷ ቆመች። ደግማ አነበበችው። «እውነቱን ለመናገር ይሄ ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ሁሌም ይኖራል» አለች። ተሰረዘ። እስከዚያ ቀን ስንት ልጅ እዚያ ቁጥር ላይ «አዎ» ብሎ ፈርሟል!

አንዳንድ አገሮች ለዚህ ሥራ ባለሙያ መድበዋል። እንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ሕግ ለምስክሮች እንዲህ ያለ የመግባባት ረዳት ፈቅደዋል፤ የሚገርመው ተከሳሹን ዘለውታል። ምስክር ሆኖ የመጣው ልጅ ጥያቄው ይቀልለታል፤ ተከሳሽ ሆኖ የመጣው ረዳት የሚያገኘው ዳኛው በራሳቸው ሥልጣን ከፈቀዱለት ብቻ ነው። የኒውዚላንድ የ2006 የማስረጃ ሕግ በዚህ ይበልጣል፤ ተከሳሹንም ይጨምራል።

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው 24ኛ አጠቃላይ ማብራሪያ ከዚህም ርቆ ሄዷል። የአእምሮ እድገታቸው የተጓተተ ወይም የተጎዳ ልጆች ከነጭራሹ የወንጀል ፍትሕ ሥርዓት ውስጥ መግባት የለባቸውም ይላል። መጀመሪያ ሳነበው በደስታ ተቀብዬው ነበር። አሁን አንድ ነገር ጨምሬበት ነው የምቀበለው። የባንክሲያ ሂልን ቁጥር ይዘን ይህን ብንፈጽመው ማቆያው ባዶውን ሊቀር ነው፤ ጥሩ። ልጆቹስ የት ይሄዳሉ? «ለሕክምና» ተብሎ በሩ የሚቆለፍ ሌላ ቤት ከሆነ፣ የእስር ቅጣት ቢያንስ ማብቂያ ቀን ነበረው። ሕክምና የሚባለው «እስኪሻለው ድረስ» ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ ችግሮች ደግሞ እንደ ጉንፋን የሚሻሉ አይደሉም። ስለዚህ ልጁን የትም ይውሰዱት የት፣ የሚወጣበት ቀን ተቆርጦ ይጻፍ፤ እሱ ራሱ ካላንደር ላይ በጣቱ ሊያሳይ የሚችለው ቀን።